ኪራይን የረሳው የቤት ፖሊሲ፦ ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ሲታይ

መንግሥት ቤት ከሚያድልበት ሥርዓት ወደ ገበያ የተሻገሩ አገሮች ሁሉ የገጠማቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ ገንዘብ ያለው ቤቱን ከገበያ ሲገዛ፣ የሌለው የት ይደር? ጥቂቶቹ ቀድመው አሰቡበት። አብዛኞቹ ግን መልስ ፍለጋ የወጡት ችግሩ ደጃቸው ከደረሰ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ጥያቄውን ስትመልስ የቆየችው አዲስ አበባን እያየች ነው። ስለ ቤት ሲወራ የሚነሳው ኮንዶሚኒየም፣ ዕጣ፣ የ20/80 (20 በመቶ ቁጠባ፣ 80 በመቶ ብድር) ምዝገባና የመልሶ ማልማት ተነሺ ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከሌላ ቦታ ያነሳዋል፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከጣርማ በር ግርጌ፣ በይፋት ቆላ ከምትገኘው ሸዋ ሮቢት። ከዚያ ሲታይ ጎልቶ የሚወጣው፣ ፖሊሲያችን ስለ ባለቤትነት ብዙ ሲናገር ስለ ኪራይ ግን ጥቂት ብቻ መናገሩ ነው።

የመንገድና የመስኖ ከተማ

ሸዋ ሮቢትን ያሳደጋት መንገድ ነው። ጣሊያን የዘረጋው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ጣርማ በርን በዋሻ ሰንጥቆ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቆላው ውስጥ ሲገባ መኪና የሚያርፍበትና ገበሬ ምርቱን የሚያራግፍበት ቦታ አስፈለገ። ከዚያ የመስኖ እርሻው መጣ። ትምባሆው፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ኋላም ማሾው ከደጋም ከሩቅም የቀን ሠራተኛ ሳቡ። በአካባቢው ያለው ማረሚያ ቤት ጠባቂዎችና ሠራተኞች፣ እስረኛ ለመጠየቅ የሚመጡ ቤተሰቦች፣ በዙሪያዋ ካለው ከቀወት ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚወርዱ ልጆች፣ በየምግብ ቤቱ የሚያስተናግዱ ወጣት ሴቶች ተጨመሩ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 20 ሺህ ነዋሪ ያልሞላት ከተማ ዛሬ በሁሉም አቅጣጫ ተለጥጣለች።

ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ተከራይ ነው። አዲስ የተመደበ መምህር በሁለት ዓመት ሊዛወር ይችላል። ሽንኩርት ለመንቀል የመጣ ወጣት የሚቆየው አዝመራው እስኪያልቅ ነው። ምግብ ቤት የምታስተናግደው ልጅ ከደመወዟ ግማሹን ለእናቷ ትልካለች። ከእነዚህ አብዛኞቹ በከተማዋ ቤት ሊገዙ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉትም አቅሙ የላቸውም። ሁሉም የሚሹት የሚቆለፍ በር፣ ቅርብ ውሃና በየሦስት ወሩ የማይዘል ኪራይ ነው።

የሚያገኙት በግለሰብ ግቢ ውስጥ በረድፍ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱን ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አንዳንዴ ሲሚንቶ፣ አንዳንዴ አፈር ነው። ኮርኒስ ካልተመታለት የቆላው ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ አያስቀምጥም፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይውላሉ። አንድ የመብራት ቆጣሪ ለስድስትና ለሰባት ቤተሰብ ይከፋፈላል። ሒሳቡ በአምፖልና በምድጃ ቁጥር ይሰላል፤ ጠቡም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሽንት ቤቱ ለግቢው አንድ ነው። የጽሑፍ ውል ብርቅ ነው፤ ጭማሪው የሚነገረው በቃል፣ ወሩ ሊገባ ሲል ነው። አከራይዋ ግን በአብዛኛው ሀብታም አይደለችም። ባሏ የሞተባት ወይም ጡረታ የወጣች እናት ናት፤ የሁለት ክፍል ኪራይ የወር አስቤዛዋን የሚሸፍንላት።

በሸዋ ሮቢትም ሆነ በአካባቢዋ ከተሞች በአጣዬ፣ በካራ ቆሬና በሰንበቴ የደሃው ማደሪያ ይህ የግቢ ክፍል ነው። መንግሥት ግን በድጎማም፣ በብድርም ሆነ በደረጃ እምብዛም አልደገፈውም።

ከአዋጅ 47 የተረፈው

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማን መሬትና ከአንድ በላይ የሆነን መኖሪያ ቤት በሙሉ የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለመሥሪያም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ እንዲያገኝ ተወሰነ። ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ዝቅተኛው ኪራይም ተቀነሰ።

ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል አዋጁ ደሃውን ከከተማ መሃል ሳያፈናቅል ለአምሳ ዓመት ያህል አቆየው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ደንበኞቿ አጠገብ፣ ተሸካሚው መናኸሪያው አጠገብ፣ አሮጊቷ ዕድራቸው አጠገብ መኖር የቻሉት በቀበሌ ቤት ነው። በሌላ በኩል ኪራዩ ለዓመታት ባለበት በመቆየቱ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ጠፋ። ተከራዩ የራሱን ጭቃ ለመምረግ የቀበሌ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሲዘገይ ክረምቱ ይቀድማል። በቆላው ደግሞ ምስጥ አለ። ከሥር የተበላ ቋሚ ቤቱን ወደ መንገድ ያዘነብለዋል፤ ነዋሪው በእንጨት ደግፎ ይኖርበታል።

የቀበሌ ቤት የሌለው ነባር የኢትዮጵያ ከተማ የለም ማለት ይቻላል። አገሪቱ በእጇ ያላት ትልቁ የሕዝብ ኪራይ ቤት ክምችት ይኸው ነው። ሆኖም ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በዕቅድ ሰነዶች ስሙ ሲነሳ አብሮት የሚመጣው ቃል «ማፍረስ» ነው። አዲስ አበባ በመልሶ ማልማት፣ ቀጥሎም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችን አንስታለች። ልማቱ ወደ ክልል ከተሞችም እየወረደ ነው። ምትክ ቤት የተሰጣቸው አሉ፤ ያን ጊዜም ግን የቤቱ ርቀት የዕለት ገበያቸውን ወስዶባቸዋል። የይፋት ከተሞች ተራቸው ከመድረሱ በፊት ከዚህ ሊማሩ ይገባል።

ገበያው ሲገባ

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መንግሥት ኢኮኖሚውን ወደ ገበያ ሲመራ የከተማ መሬትን በእጁ አስቀርቶ የመጠቀም መብቱን መሸጥ መረጠ። የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80/1986 ነበር። አዋጅ 272/1994 ተከተለው፤ ቀጥሎም አዋጅ 721/2004 ወጣ። በዚህ አዋጅ የመኖሪያ ቦታ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ቦታ የሚተላለፈው በዋናነት በጨረታ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎችም በምደባ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ የትምህርትና የጤና አገልግሎት፣ ንጹሕ ውሃና መኖሪያ እንዲያገኝ ፖሊሲ መቀረጽ እንዳለበት ይደነግጋል።

የቤት ብድር ግን በተቃራኒው ጠበበ። በደርግ ዘመን የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ለመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዝቅተኛ ወለድ ያበድር ነበር። ባንኩ በ1986 ዓ.ም. ገደማ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆኖ ወደ ንግድ ዞረ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ቤት ብሎ የቆመው የብድር ተቋም በዚህ መንገድ ከአገሩ ጠፋ። 

በአነስተኛ ከተማ ጨረታ ሲወጣ የሚያሸንፈው ነጋዴው፣ ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ቤተሰብና የጭነት መኪና ባለቤቱ ነው። ደመወዝተኛው በማኅበር ተደራጅቶ ምደባ ይጠብቃል፤ ዓመታት ይቆጠራሉ። ከሁለቱም ውጭ የቀረው በከተማው ዳር ከገበሬ ላይ በውስጥ ውል መሬት ይገዛል፤ ቤቱም ሌሊት ይሠራል። የጨረቃ ቤት የምንለው ከዚህ ይወለዳል። ገበሬው ቀድሞ የሚሸጠው በመንግሥት ከሚወሰድበት ካሳ የተሻለ ስለሚያገኝ ነው፤ ገዢውም የሚገዛው ሌላ በር ስለተዘጋበት ነው። ሁለቱን መቅጣት ቀላል ነው። ግን ከተማው ለሁለቱም የከፈተው ሕጋዊ በር የት አለ?

ኮንዶሚኒየም ለምን ከአዲስ አበባ ውጭ አልዘለቀም

ለደሃና ለመካከለኛ ገቢ የታሰበው ትልቁ ሙከራ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ነው። በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን በቦሌ ገርጂ ተሞክሮ ወደ አገር አቀፍ ፕሮግራም አደገ። በ1997 ዓ.ም. በመዲናዋ ከ350 ሺህ በላይ፣ በ2005 ዓ.ም. ዳግም ምዝገባ ደግሞ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 ወደ 171 ሺህ ቤቶች ተሠርተዋል። ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ሥራ ፈጥሯል፤ ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቷል። በአፍሪካ መንግሥት በራሱ አቅም ከሠራቸው የቤት ፕሮግራሞች ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም።

ሆኖም ከመጀመሪያው የታቀደው ለሽያጭ ነው። ዕጣ የደረሰው ቅድሚያ ክፍያ ከፍሎ ቀሪውን ከባንክ ተበድሮ ይገባል። ለዝቅተኛው ገቢ የታሰበው 10/90 እንኳ የወር ገቢው ከ1,200 ብር በታች ከሆነ ሰው በየወሩ 187 ብር ቁጠባ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ብዙ ዕድለኞች ቤቱን አከራይተው እነሱ በርካሽ ኪራይ ኖሩ። መንግሥት ያልጠበቀው ሆነ፤ ለባለቤትነት የተገነባው ኮንዶሚኒየም ለመካከለኛ ገቢ ሰዎች የከተማዋ ዋና የኪራይ ቤት ሆነ። ዕጣውም ራሱ እምነት ሸረሸረ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የ25,491 ቤቶች ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ በቀጣዩ ዓመት እንደገና ወጣ።

በክልሎች ታሪኩ ይበልጥ ያስተምራል። ፕሮግራሙ ወደ ሃምሳ ገደማ የክልል ከተሞች ወርዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ቆመ። ምክንያቱ ገዢ መጥፋቱ ነበር። ነዋሪው ቅድሚያውን መክፈል አልቻለም፤ በፎቅ መኖርም አልለመደም። ለይፋት ቆላ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ኑሮው ደጅ ላይ ነው፤ ምጣዱ፣ ፍየሉ፣ ለገበያ የሚዘረጋው ማሾና በርበሬ፣ የማታው ቡና። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በብሎኬት የታጠረች ስቱዲዮ ለዚህ ኑሮ አልተነደፈችም፤ ወበቁንም አታስችልም። አዲስ አበባ የመሬት ጥበት ነበረባትና ወደ ላይ መውጣቷ ያስኬዳል። ሸዋ ሮቢት የቸገራት መንገድና ውሃ ገብቶለት፣ በሕግ የተያዘ ትንሽ ቦታ ነው። ፕሮግራሙ የቆመው ቤት ስላልተፈለገ ይመስል፣ ለክልሉ ከተሞች ሌላ መልክ ያለው መልስ ሳይሰጥ ታለፈ።

ሌሎቹ ምን አደረጉ

ሩሲያ በ1991 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ቤቶችን ለነዋሪዎቻቸው በነፃ ማስተላለፍ ጀመረች። ሩማኒያና ሊቱዌንያም ቤቶቻቸውን ለነዋሪዎቹ አስረከቡ፤ ዛሬ በሁለቱም ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል የቤቱ ባለቤት ነው። መልካም ይመስላል። ነገር ግን ነዋሪው የአፓርታማው ባለቤት ሲሆን የጣሪያው፣ የደረጃውና የቧንቧው ባለቤት ጠፋ፤ ለመጠገን አቅም የሌላቸው ጡረተኞች በሚፈርሱ ሕንፃዎች ውስጥ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ትውልድ ደግሞ መንግሥት የሚያከራየው ቤት እምብዛም አላገኘም፤ ያለው አብዛኛው አልቆ ነበር። ሞዛምቢክም ከነፃነት ማግስት የወረሰቻቸውን ቤቶች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለተከራዮቻቸው ሸጣለች።

ቻይና በ1998 እ.ኤ.አ. መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው ቤት የሚሰጥበትን ሥርዓት አቆመች። ዋጋ ሲንር ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ሕዝብ ቤት ግንባታ በግዙፍ መጠን ተመለሰች፤ ለ2011–2015 ብቻ 36 ሚሊዮን ቤቶች አቀደች። ፖላንድ በ1995 እ.ኤ.አ. ለየት ያለ መንገድ ያዘች። ማዘጋጃ ቤቶች ትርፍ የማያሳድዱ የኪራይ ቤት ማኅበራትን እንዲያቋቁሙ፣ መንግሥትም በቅናሽ ወለድ እንዲያበድራቸው በሕግ ፈቀደች። መጀመሪያ ላይ ቤቱ አይሸጥም ነበር፤ ኪራዩ ወጪውንና ጥገናውን ይሸፍናል። ማኅበራቱ ሁሉንም ችግር አልፈቱም፤ ቤት መግዛት ለማይችለው የሚከራይ ቤት ግን ከምድሩ እንዳይጠፋ አግዘዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው። የሕዝብ ኪራይ ቤትን ሸጦ መጨረስ ዛሬ ያሉትን ያስደስታል፤ ነገ የሚመጣውን ግን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ቆላው የራሱ አደጋ አለው

የይፋት ጉዳይ በኢኮኖሚ ብቻ አያልቅም። በመጋቢትና ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ቤቶችና ሱቆች ተቃጠሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የአካባቢውን ሕይወት እያናጋ ነው። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ደብረ ብርሃን፣ ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ ዓመታት አስቆጥረዋል። ቤት ሲቃጠል ነዋሪው የሚሄደው ወደ ዘመዱ ግቢ ነው፤ በአንድ ክፍል የነበሩት አራቱ ስምንት ይሆናሉ። በእንደዚህ ዓይነት ጊዜ ቁጠባ ጠይቆ ለዕጣ መመዝገብ የማይመስል ነገር ነው።

ምድሩም አይተኛም። ይፋት የስምጥ ሸለቆ ከንፈር ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራረሰ፤ ካራ ቆሬንም ጎዳ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በጥሩ እንጨትና ማገር የተሠራ ቀላል ቤት ሲነቃነቅ ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይደረመስም፤ እንጨቱ በምስጥ ካልተበላ። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይና ሲሚንቶ የተሰሰተበት ብሎኬት ግን ይገድላል። ስለዚህ በዚህ ምድር የቤት ደረጃ ሲወጣ «ዘመናዊ» መባል ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ በተቃጠለ ዘይት የተቀባ ቋሚ፣ በደንብ የታሰረ ጣሪያ፣ ከሙቀት የሚከላከል ኮርኒስ፤ ይህ በአካባቢው አናጺ እጅ የሚሠራ ነው።

ክረምት፣ በጎ ፈቃድና አዲሱ የኪራይ ሕግ

በየዓመቱ ክረምት በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በመላው አገሪቱ ልማድ ሆኗል። ወጣቶች ጭቃ ያቦካሉ፣ ነጋዴው ቆርቆሮ ይሰጣል፣ አንዲት አሮጊት ክረምቱ ሳይወጣ ደረቅ ቤት ትገባለች። ይህ ክብር ይገባዋል። በትናንሽ ከተሞች ደሃውን በቀጥታ የሚደርሰው የቤት ሥራ ይህ ነው ብንል አንሳሳትም። ሆኖም የሚታደሰው የሚታየው ቤት ነው፤ ዘንድሮ ያልተመረጠው ለከርሞ ይጠብቃል። ደግነት ሕግ ካልደገፈው የዘንድሮ ዝናብ እንደሚቆም እሱም ይቆማል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይን በግልጽ የሕግ ጉዳይ አደረገው። ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን እንዲሆን ይላል። መነሻው ትክክል ነው። ከሕጉ ጋር ግን ለአከራይዋ የሚደርስ ነገር አልመጣም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ብረት ናሩ። ጣሪያዋ የሚያፈስባት እናት ኪራይ አትጨምሪ ብቻ ስትባል፣ ወይ ክፍሏን ሳትጠግን ትተወዋለች ወይ ከማከራየት ትወጣለች። በሁለቱም የሚጎዳው ተከራዩ ነው።

ምን ይደረግ?

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ለሚያስብ የከተማ አስተዳደርና ለአማራ ክልል የከተማና መሠረተ ልማት ቢሮ ጥቂት ነገሮች ይቀርባሉ።

የቀበሌ ቤቶች አይሸጡ፤ በገፍም አይፍረሱ። ይመዝገቡ፣ ይጠገኑ፤ ኪራያቸው ደረጃ በደረጃ ለጥገና ወደሚበቃ መጠን ይምጣ፤ ጧሪ የሌላቸው ነፃ ይሁኑ። ገቢው ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ተቀምጦ ለዚያው ለጥገና ብቻ ይዋል። ተከራይ በራሱ ወጪ ለሠራው ጥገና ከኪራዩ እንዲታሰብለት ይፈቀድ። የሚፈርስ ካለ መጀመሪያ ምትኩ እዚያው ሰፈር ይሠራ።

የግቢ ክፍል በፖሊሲ ውስጥ ይግባ። ክፍል ጨምራ ለምታከራይ ባለቤት ፀደይ ባንክን በመሳሰሉ የአካባቢውን ሰው በሚያውቁ ተቋማት በኩል አነስተኛ ብድር ይሰጣት። በምላሹ የጽሑፍ ውል፣ የተለየ ቆጣሪ፣ በቂ ሽንት ቤትና ለተወሰኑ ዓመታት የተገደበ ጭማሪ ትግባ። ይህ አንድ ኮንዶሚኒየም ከሚፈጀው ባነሰ ወጪ ብዙ ሰው ያስጠልላል፤ ድጎማውም ሁለት ደሃ ቤተሰብ ይደግፋል፤ አከራይንም ተከራይንም።

ከተማው የጨረቃ ቤትን ይቅደም። መንገድና ውሃ የተቀየሰላቸው አነስተኛ ቦታዎች ከጨረታ ውጭ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛና ለተፈናቃይ በምደባ ይሰጡ፤ ገበሬውም ካሳው በጊዜው ይከፈለው። በመስኖ አዝመራ ወቅት ብዙ የቀን ሠራተኛ የሚቀጥሩ እርሻዎች የማደሪያ ግዴታ ይኑርባቸው፤ ሰው በየሜዳው ላስቲክ ወጥሮ ማደር የለበትም። ለዚህ ሁሉ የሊዝ ገቢ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ይመደብ። መሬቱ የሕዝብ ነው ተብሎ ከተሸጠ ከገንዘቡ የተወሰነው ቤት ለሌለው ሕዝብ መመለስ አለበት።

የተቃጠሉትና የፈራረሱት ከተሞች ሲገነቡ በዚሁ መንፈስ ይገነቡ። አጣዬ ወይም ሌላው የይፋት ከተማ የቆርቆሮ ቤት ለነበራቸው ባለቤቶች ብቻ ተመልሶ ከተሠራ፣ ተከራይ የነበረው ሰው ከእርዳታውም ከከተማውም ይወጣል። ተጎጂ ሲመዘገብ «ማን ባለቤት ነበር» ከሚለው ጥያቄ እኩል «ማን እዚህ ይኖር ነበር» ይጠየቅ።

ወደ ገበያ መሻገር መሬትንና ቤትን ዋጋ ሰጥቷቸዋል። ዋጋው ሊከፍል የማይችለውን ሰው ከከተማው እንዳያባርር የመጠበቅ ኃላፊነት ግን ከመንግሥት ትከሻ አልወረደም፤ ሕገ መንግሥቱም ይህን አስታውሶናል። ያንን ኃላፊነት ለመወጣት ሌላ ዕጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ተከራይቶ የሚያድረውን ሰው መቁጠር፣ ውሉን መጻፍ፣ ጣሪያውን ማደስና ቤቱን ለቀጣዩ ተከራይ ማቆየት ይበቃል። ፖሊሲው ይህን ቢጀምር የቤት ጥያቄያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከታች ወደ ላይ መመለስ ይጀምራል።